ዕዳ ሲደራረብ የትኛው በር ይቅደም?

በካፋ ዞን የብዙው ገበሬ ገንዘብ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ቡና ሲለቀም ነው። ቀይ እሸቱ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ሕክምናው፣ ለቅሶውና የልጆች ደብተር ግን ቡናውን ቆመው አይጠብቁም። ክረምቱ የብድር ወቅት የሆነውም ለዚህ ነው። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አንዷ መቀመጫ በሆነችው በቦንጋ ደግሞ ደመወዝተኛው በማኅበር ብድር፣ በሱቅ ዱቤና በቴሌብር ይያዛል። ዕዳው ከአቅም በላይ ሲሆን መፍትሔ ፍለጋው የሚጀምረው ዕዳን በዓይነቱ በመለየት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ በር አለውና።

ከሁሉ የሚከብደው አራጣ ነው። ለምሳሌ በሐምሌ 10,000 ብር በወር አሥር በመቶ የተበደረ ሰው በታኅሣሥ 15,000 ብር ይመልሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚፈቅደው የወለድ ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ በዚህ ስሌት የአምስት ወሩ ወለድ 500 ብር ብቻ በሆነ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርን በእስራት ያስቀጣል። አራጣው ግን ወረቀት ላይ አይታይም። ተበዳሪው 10,000 ብር ተቀብሎ 15,000 እንደተቀበለ ይፈርማል፤ በኋላ ፍርድ ቤት የሚያየው ይህንኑ ፊርማ ነው። ስለዚህ ምክር መጠየቅ የሚገባው ከመፈረም በፊት ነው። ለዋስትና ተብሎ ቼክ መስጠትም ሌላ ጣጣ አለው። ዕዳ አለመክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ግን ወንጀል ነው።

ቡናው ገና አበባ ላይ እያለ በርካሽ ዋጋ መሸጥና መሬትን በወለድ አገድ መስጠት የአራጣ ዘመዶች ናቸው። የመጀመሪያው የዓመቱን ገቢ አስቀድሞ ይበላል፤ ሁለተኛው ዋናው ዕዳ እስኪመለስ ድረስ ማሳውን ለአበዳሪ ያሳርሳል። ገቢው የተወሰደበት ቤተሰብ በመጪው ክረምት ለሌላ ብድር እጁን ይዘረጋል።

የተቋም ብድር የተሻለ መውጫ አለው። በቀድሞ ስሙ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ የነበረው ኦሞ ባንክም ሆነ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም የሚቀርብ ማመልከቻን ማየት ይችላሉ። ማመልከቻው ክብደት የሚኖረው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ፣ ምክንያቱ ተገልጾና አዲስ የክፍያ ሐሳብ ተይዞ ሲቀርብ ነው። በቡድን ዋስትና የተወሰደ ብድር ከሆነ አባላቱ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል፤ አንዱ ሲጠፋ ሸክሙ የሚወድቀው በጎረቤቶቹ ላይ ነው። እንደ ቴሌብር መላ ያለው የስልክ ብድር የመመለሻ ጊዜው አጭር ስለሆነ፣ አንዱን ለመዝጋት ሌላውን መውሰድ ዕዳውን አያቀልለውም።

ከተቋም ውጭ ያለው እርዳታ ዕቁብ፣ ዕድርና ሽምግልና ነው። ችግሩ የገባው የዕቁብ ዳኛ ከአባላቱ ጋር ተመካክሮ ዕጣ ሊያስቀድም ይችላል፤ የተገኘው ገንዘብም ከሁሉ በፊት ከፍተኛ ወለድ ያለውን ዕዳ ቢዘጋ ይመረጣል። ሽማግሌ ደግሞ አበዳሪን በዋናው ብር ላይ አስማምቶ ወለዱን ሊያስቀንስ ይችላል። ስምምነቱ ግን በቃል መቅረት የለበትም። ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ለመመለሱም ማስረጃው ያው ጽሑፍ ነው። በሽማግሌ ፊት የተከፈለ ብር ያለ ደረሰኝ ወይም ያለ ፊርማ እንዳልተከፈለ ሊቆጠር ይችላል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ፣ የመክሰሻ ወጪ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የፍርድ ባለዕዳ ንብረት ሁሉ አይወሰድም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሙያ መሣሪያን፣ ለገበሬው መተዳደሪያ አስፈላጊ የሆኑ ከብቶችንና ዘርን፣ መኝታንና ልብስን፣ ጡረታንና የደመወዝን ሁለት ሦስተኛ ከመያዝ ይጠብቃል። የገጠር መሬትም እንደማንኛውም መሬት ስለማይሸጥ ለዕዳ ተብሎ የሚደረግ የመሬት ሽያጭ ሕጋዊ ዋጋ የለውም። «በሬህን እነዳለሁ» የሚል ዛቻ ብዙ ሰው የሚያስፈርመው ይህ ጥበቃ ስለማይታወቅ ነው።

የቀረ ክፍተትም አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ዕዳ ለከበደው ነጋዴ ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበት ሥርዓት አበጅቷል። ገበሬውና ደመወዝተኛው ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሉም፤ ዕዳቸው የሚቃለለው በዋናነት በድርድር ነው። ድርድሩ እንዲሰምር ጊዜው ወሳኝ ነው። ቡና ከመለቀሙ በፊት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ የቀበሌ አመራር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርና አበዳሪ ተቋማት ተበዳሪውን በአንድ ጠረጴዛ ቢያገኙት ለአራጣ የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ተበዳሪውም ወደዚያ ጠረጴዛ የዕዳውን ዝርዝር፣ የየአንዳንዱን ወለድና የሚጠብቀውን የቡና ገቢ ጽፎ ቢቀርብ፣ መክፈል የማይችለውን ቃል ከመግባት ይድናል።