ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር? መጀመሪያ ፍሬን!

እኛ የኮልፌ ልጆች ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ወይ ኳስ ወይ መኪና ነው። ሰሞኑን አንዱ ጓደኛችን «ለአውቶማቲኳ ቪትዜ ቱርቦ ላስገጥም ወይስ ሱፐርቻርጀር?» ብሎ አከራከረን።

ጥያቄው የቅብጠት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቆላ ባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ተራ ሞተርም የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትወጡ የምታቃስተው ለዚህ ነው።

ሁለቱም ሥራቸው አየር አምቆ ለሞተሩ ማጉረስ ነው። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ነዳጅ ስትረግጡ ወዲያው ይመልሳል፤ ግን ከዚያው ሞተር ጉልበት ይበላል። ቱርቦ የሚዞረው በሚባክነው ጭስ ነው። ትንሽ ቢዘገይም ለደጋ አየር እሱ ይሻላል። ድምፃችን ለቱርቦ ነው።

ለቪትዝ ግን? በፍጹም! ሞተሯም ካምቢዮዋም ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም። ብትቃጠልስ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ምትኳን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬኗ ያው የድሮው ነው። አጠና ተራ ጋ መንገዱን ከእኛ ጋር የሚጋሩት ሸክም ያዘሉ እናቶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ናቸው። ሁለት ሰከንድ ቀድመን የት ልንደርስ ነው?

ስለዚህ ወንድማችን፣ ብሩን ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማ፣ ለካንዴላና ለአየር ማጣሪያ አውለው። መሮጥማ ማንም ይሮጣል፤ ጉብዝናው ሲፈልጉ መቆሙ ላይ ነው!