የጉኑኖ አፈር ተለክቷል፤ ቤቱስ?

ወላይታ ውስጥ በምትገኘው ጉኑኖ ጎርፍ ይዞት የሄደው አፈር ሳይቀር በሚዛን ተመዝኗል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እዚህ ጣቢያ ሲከፍት፣ ባለሙያዎቹ የዘነበውን ዝናብ፣ ከማሳ የወረደውን ጎርፍና የተጠረገውን አፈር ዓመት ከዓመት እየለኩ መዘገቡ። ከወሎው ማይባር፣ ከሸዋው አንዲት ጥድና ከጎጃሙ አንጀኒ ጋር የጉኑኖ ስም ዛሬም በአፈር ሳይንስ ጽሑፎች ይጠቀሳል። በዚያው ተዳፋት ላይ የቆመው ቤት ግን እንዲህ ያለ ለኪ ሲያገኝ አላየሁም።

ቤቱን ወላይታ ኬታ ይለዋል። የቀድሞው ክብ ነው፤ የሣር ክዳኑ ከአናቱ ሾል ብሎ እየሰፋ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ሰውም ከብትም አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ማለዳ ከጋጣው የሚጠረገው ፍግ ሩቅ አይሄድም፤ ቤቱን ወደከበበው የእንሰት ጓሮ ይገባል። ለቤት የቀረበው፣ ፍግ የጠገበው መሬት ዳርኮዋ ነው፤ ራቅ ያለው ሾቃ። እንግዲህ በዚህ አገር የአፈርን ለምነት የሚያጠና ሰው የቤቱን አሠራርም እያጠና ነው ማለት ነው። ከብቱ ከጋጣው ሲወጣ፣ ክቡ ቤት በአራት ማዕዘን ሲተካ፣ የፍጉ መንገድም ይለወጣል። የአፈሩን ለምነት ከቤቱ ሳይነጥል የሚያስረዳን ጥናት ያስፈልገናል።

የቆርቆሮ ጠላት አይደለሁም። ሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ አለበት፣ እሳት ይፈራል፣ ዝናብ ሲበዛ ያፈሳል። ዕድሜ ልኳን ጭስ ስትውጥ የኖረች እናት ቆርቆሮ ቤት ስትገባ እሰይ እላለሁ። ጉኑኖ ባለችበት በዳሞት ሶሬ ወረዳ ቀበሌዎች ስዘዋወር ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ቤት ሠሪ ነገሩን በአጭር ቋጩልኝ። «አባባ፣ ለምን ሣር ቤት መሥራት ተዉ?» ስላቸው፣ «ሣሩ የታለ ልጄ? ሣር የሚበቅልበትን ለልጆቻችን አካፈልነው» አሉኝ። ከዚያ በበትራቸው መሬቱ ላይ ክብ አሠመሩና የምሰሶውን ቦታ፣ የበሩን አቅጣጫ፣ የጋጣውን ወገን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ሜትር አልያዙም፤ የሚለኩት በክንድና በእርምጃ ነው። ማገሩ ስንት ዙር እንደሚሄድ፣ የትኛው እንጨት ምስጥ እንደሚችል፣ ክዳኑ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በቃላቸው ነው። ያንን ክብ በማግስቱ ሰውና ከብት ረግጦት አልፏል።

የወላይታ ምስል ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም አብሯቸው ነበር፤ ያየውንም በፎቶግራፎቹ አስደግፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ውስጥ በመጽሐፍ አሳተመው። የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 እና 35፣ ኋላም በ1950ዎቹ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተመራማሪዎችንና ሠዓሊዎችን ልኮ ብዙ ፎቶግራፍና ሥዕል ሰብስቧል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ አይከ ሃበርላንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የኢትዮጵያ ንግሥና ጥናት ወላይታን ጨምሮ ጽፏል። ለእነዚህ ሰዎች ድካም ምስጋና ይገባል። ሆኖም የመጀመሪያው ምስል የተነሣው ከዘማች ጋር በመጣ ሰው ዓይን ነው፤ የኋለኞቹም የሚገኙት የጉኑኖ ተማሪ በማያነበው ቋንቋ ታጅበው ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ የቤቱን ፊት እንጂ ወጋግራው ከዋልታው ጋር እንዴት እንደታሠረ አይነግረንም።

እዚሁ ወላይታ ውስጥ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ባለው የሞቼ ቦራጎ ዋሻ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊት የኖረ ሰው የጠረበውን ድንጋይ በጥንቃቄ ቆፍረው አውጥተዋል። ደስ ይለኛል፤ ያ ድንጋይ ግን እስካሁን እንደጠበቀው ሌላም ዘመን ይጠብቃል። እንጨት፣ ቀርከሃና ሣር እንዲህ አይጠብቁም። ቤት ሠሪው አዛውንትም አይጠብቁም።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ግንባታ በዝቶባታል። በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ የወላይታን ባህላዊ ልብስ የዱንጉዛን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መቀባት እየተለመደ ነው። ቀለሙን እወደዋለሁ። ግን ቀለም መቀባት ቤቱን ማወቅ አይደለም። የወላይታ ቤት ጥላው እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ፣ ጎርፉን ወዴት እንደሚያሳልፍ፣ እንግዳና ባለቤት የት እንደሚቀመጡ የሚያውቅ መሐንዲስ ሲነሣ ነው የዛሬው ሕንፃ ከዚህ አፈር የሚወለደው።

ሥራው ከባድ አይደለም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የቋንቋ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ይውጡ፤ አንዱ ቤቱን ለክቶ ይሣል፣ ሌላው የእያንዳንዱን ክፍል ስም በወላይትኛ ከባለቤቶቹ አፍ ይጻፍ። ሴቶቹን መጠየቅ አይርሱ፤ ቤቱን ከውስጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የወላይታ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ከፍራንክፈርት የምስሎቹን ቅጂ ይጠይቅ፤ ከፓሪሱ መጽሐፍም አንድ ቅጂ ያስመጣ። የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ጉኑኖ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። የሚመጣው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ በዓል፣ ተማሪው ወደ ወላጆቹ የሚመለስበት ጊዜ ነውና፣ ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም። እኒያ አዛውንት አሁንም ቤታቸው ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ካለ ክቡን እንደገና ለማሠመር ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል።