የቀይ ቀበሮ ዱካ፦ ከሳተላይት ወደ ወረዳ ውሳኔ

በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን በመንዝ ምድር የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የአካባቢው ኅብረተሰብ ቄሮ በተሰኘው ባህላዊ ሥርዓት ሣሩ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲታጨድ እያደረገ ሥፍራውን ለበርካታ ትውልዶች ጠብቆ አቆይቶታል። ጓሳ በዛሬው ጊዜ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመተው የቀይ ቀበሮ ዝርያ ከቀረባቸው ጥቂት ደጋማ ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ቁጥሩ እዚህ ደረጃ የደረሰን እንስሳ ለመታደግ የሚውልበትንና የሚያድርበትን ሥፍራ በትክክል ማወቅ ያሻል። ለዚህም በአንገት ላይ የሚታሰር የጂፒኤስ መሣሪያ ጠቃሚ መሆኑ ተረጋግጧል። መሣሪያው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚደርሰውን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ሥፍራ ያሰላል፤ ውጤቱንም ይመዘግባል ወይም ለተመራማሪዎች ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ እንስሳውን እንዳይጎዳ ክብደቱ መወሰን ይኖርበታል። ወንድ ቀይ ቀበሮ በአማካይ 16 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የ3 በመቶ ልክ ቢወሰድ መሣሪያው ከግማሽ ኪሎ ግራም በታች መሆን አለበት ማለት ነው።

በዚህ ረገድ በአማራ ክልል የሚጠቀስ ተሞክሮ አለ። በ2012 ዓ.ም በሰሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ ለሳምንታት ሕክምና ከተደረገለት በኋላ የጂፒኤስ መሣሪያ ታስሮለት ወደ ዱር ተመልሷል። «ተረፈ» የሚል ስም የተሰጠውን ይህን ቀበሮ ባለሙያዎች ከተለቀቀ በኋላ ሊከታተሉት የቻሉት በመሣሪያው አማካይነት ነው።

ይህ ማለት ግን መሣሪያው ብቻውን በቂ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው እንስሳው የት እንዳለ እንጂ ለምን እዚያ እንደሄደ አይናገርም። ለአብነት የጓሳን ቀበሮ በመሣሪያ ብቻ የሚከታተል ሰው እንስሳው በጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መካከል ረዥም ጊዜ እንደሚያሳልፍ ቢመለከት፣ ግልገሎቻቸውን ሊያድን ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በጓሳ በዓይን ምልከታ የተካሄደ ጥናት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ቀበሮዎቹ በጭላዳዎች መካከል ሆነው አይጦችን ለመያዝ ካደረጉት ሙከራ 67 በመቶ ያህሉ ሲሳካ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ የተሳካላቸው 25 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን እውነታ ያስገኘው በሥፍራው ውሎ የተመለከተ ዓይን ነው።

ከዚህ አኳያ ለሚመለከታቸው አካላት ሦስት ቁም ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የእንቅስቃሴ መረጃ በተመራማሪዎች እጅ ብቻ ሊቀር አይገባም። ለቀይ ቀበሮ ከፍተኛ ሥጋት ከሆኑት አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀበሮውና የእረኛው ውሻ የሚገናኙበት ሥፍራ በካርታ ከታወቀ፣ የወረዳው እንስሳት ጤና ባለሙያ ውስን የሆነውን ክትባት ከየትኛው ቀበሌ እንደሚጀምር መወሰን ይችላል። የመንገድና የግጦሽ ዕቅድ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ ተጠቃሚ ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ ብርቅዬ እንስሳ ያለበት ትክክለኛ ሥፍራ ለጥፋት ሊውል ስለሚችል ወቅታዊው መረጃ በኃላፊነት ሊያዝ ይገባል። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የአካባቢውን ጥበቃ ሠራተኛና እረኛ ዕውቀት የሚያግዝ እንጂ የሚተካ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የመንዝ ሕዝብ ጓሳን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ያለ ሳተላይት ነው። ቴክኖሎጂው ትርጉም የሚኖረው ለዚሁ ሕዝብና ለሚያገለግለው መሥሪያ ቤት ውሳኔ በጊዜ ሲደርስ ብቻ ይሆናል።