መጽሐፍን በትዕግሥት ስለ ማንበብ

በአሁኑ ዘመን በእጅ ስልክ የሚታየው አጭር ትርኢት ሰውን ከመጽሐፍ እንዳራቀው የማይናገር የለም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ባነበበው ጊዜ፥ መሣሪያው የመጽሐፍ አገልጋይ ሆኖ ፊደል ላልቆጠረውም ሕዝብ አድርሶታል።

እንግዲህ የሚያስፈራው የትዕግሥት መጥፋት ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ደቀ መዝሙር ንባቡን ካደላደለ በኋላ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ፍች ይመረምራል እንጂ፥ መጀመሪያ በመጣለት አሳብ አይቆምም። በደቂቃ የሚያልፍ ትርኢት ግን ለሁለተኛው «አንድም» ጊዜ አይሰጥም። ይህ ልማድ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ እንደ ሆነ፥ ሹሙ የዐዋጁን አንቀጽ ሳይጨርስ ይፈርዳል፤ የባለጉዳዩንም መዝገብ ከፊተኛው ገጽ ብቻ አይቶ ይመልሳል። በዚህም የሚጎዳው ከሩቅ አገር መጥቶ ደጅ የሚጠናው ድኻ ነው።

በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቋቁሟል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ቤቱን መሥራት የመንግሥት ነው፤ ገብቶ ማንበብ ግን የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው። ስለዚህ ሹማምንትና ካህናት በቀን አንዲት ሰዓት ስልካቸውን ዘግተው መጽሐፍ ሊገልጡ ይገባቸዋል፤ ይህን ቢያደርጉ በሥራቸው ያሉት ሁሉ አይተው ይከተሏቸዋል።