ጅዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?



መስቀል አደባባይ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ እንጦጦ ብታዞሩ ወደ ቂብላ ዞራችኋል ማለት ይቻላል። መካ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለችና። የመካ በር የሆነችው ጅዳም በዚያው አቅጣጫ ናት። እስቲ የልጆቻችሁን የጂኦግራፊ ካርታ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ፣ ጅዳ በ21 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናቸው። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የ12 ዲግሪ ተኩሉ ልዩነት ሲሰላ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አውሮፕላን ይህን በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደሴ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ታስኬዳለች።

እንግዲህ ደላላ ወላጅ ፊት ተቀምጦ «ጅዳ እኮ ቅርብ ናት» ሲል ስለ ርቀቱ አልዋሸም። የሸሸገው መንገዱን ነው። ከዚሁ አደባባይ ሁለት መንገዶች ይነሳሉ። አንደኛው በቦሌ ጎዳና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዳል። ሁለተኛው በደብረ ዘይት በኩል ወጥቶ፣ አዋሽንና አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል። ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ጦርነት በጎዳው አገር አልፎ እስከ ሳዑዲ ድንበር ነው። ይህኛው በሰዓት አይቆጠርም፤ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ባሕር የበላው፣ በአጋቾች እጅ ወድቆ ቤተሰቡ ገንዘብ የተጠየቀበት ብዙ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን አስተባብሏል።

በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ እንዲመለሱ መደረጉን እናስታውሳለን። ከመካከላቸው ወራት ፈጅቶባቸው የሄዱት፣ በጥቂት ሰዓታት ተመልሰው ቦሌ አረፉ።

ሰሃቦችም በ615 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ቀይ ባሕር በጀልባ ተሻግረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ወደ ሐበሻ ሲልኳቸው፣ የሚቀበላቸው ንጉሥ ሰው የማይበደልበት ፍትሐዊ መሆኑን ነግረዋቸው ነበር። የሚሄዱበትን ሳያውቁ አልተሰደዱም። ራስን በገዛ እጅ ወደ ጥፋት መጣልም በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 195 የተከለከለ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጃችሁ «ልሂድ» ስትል ስለ ቅርበቱ ሳይሆን ስለ ሦስት ነገሮች ጠይቁ። በየትኛው መንገድ ትሄዳለች? ማን ይቀበላታል? ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛና የደርሶ መልስ ጉዞ ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። በሬ አሽጦ የጉዞ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንግዲህ በየትኛው መንገድ ሊወስዳት እንዳሰበ ገምቱ። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከሆነም ውሉን ማንበብ በሚችል ሰው አስነብቡ፤ የአሠሪውን ስምና አድራሻ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።

በሰው አገር ያሉትን ልጆቻችንን አላህ ይጠብቅልን። አሚን!