ለሁሉም የተከፈተ ፎልደር

እናንተ የኢንጅባራና የዳንግላ የእድሜ እኩዮቼ፣ ስሙኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ፣ ሩቅ ያስቀመጥነው ሰነድ እንደማይደረስበት አይተናል። ስለዚህ ልጆቻችን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓትና ፋይል የሚያጋራውን ሳምባ የሚባል ፕሮግራም ጭነው ቤቱ ሁሉ የሚጋራው ሰርቨር ቢያቆሙልን ደግ አደረጉ። የይዞታ ደብተራችን ቅጂ፣ የእድሩ መዝገብ፣ የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ፎቶ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባቶች በአውኚ ያወጉት ድምፅ እዚያ ገብቷል።

እኔን የሚያስፈራኝ 777 የሚባለው የፎልደር ፈቃድ ነው። ሳምባ የራሱ ፈቃድ አለው፣ ሊኑክስም የራሱ፤ አንዱ ከከለከለ ፎልደሩ አይከፈትም። ልጆቹ መፍትሔው ሲያስቸግራቸው 777 ይሰጡታል፤ ወዲያው ይከፈታል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ወደ ፎልደሩ መግባት 1፤ ሲደመር 7። ሦስት ጊዜ 7 ማለት ባለቤቱም፣ ቡድኑም፣ ሌላው ማንም ሰው እኩል ይሰርዛል ማለት ነው።

ፋይሉን ራሱን «ለንባብ ብቻ» አድርገነዋል የምትሉም አላችሁ። አይበቃም። በሊኑክስ የመሰረዝ ፈቃድ የሚመጣው ፋይሉ ከተቀመጠበት ፎልደር ነው። ፎልደሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ የጆንያውን አፍ አጥብቆ አስሮ የጎተራውን በር ክፍት እንደ መተው ነው። በኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ፣ አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት በቀር፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይገኝም።

«ልጄን አላምነውም ልበል?» ትሉኛላችሁ። ጉዳዩ የልጁ ጠባይ አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በማያንሱ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። እንዲህ ያለ ቫይረስ በልጃችሁ ላፕቶፕ ላይ ካረፈ በእሱ ስም፣ በእሱ ፈቃድ ይሠራል። ለልጁ መጻፍ ከተፈቀደለት ለቫይረሱም ተፈቅዶለታል፤ ማንበብ ብቻ ከሆነ ግን የአባቶቻችሁን ድምፅ ሊያበላሽ አይችልም።

ስለዚህ የማይለወጠውን ከሚለወጠው ለዩት። ለቅርሱ ፎልደር ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን፤ ፎልደሩን 750፣ ፋይሎቹን 640 አድርጉ፤ ቤተሰቡ በቡድን ያንብብ፣ እንግዳ ያለ ይለፍ ቃል አይግባ። ልጆቹ የሚሠሩበት ሌላ ፎልደር ይኑራቸው። ዋናውን የይለፍ ቃል ሁለት ሰው ይወቀው፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ቅጂውም በሌላ ዲስክ ይቀመጥ፣ ከተገለበጠም በኋላ ይነቀል፤ ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ዛሬ ማታ ልጆቹን ጠርታችሁ የእያንዳንዱን ፎልደር ፈቃድ እያነበቡ እንዲነግሯችሁ አድርጉ። 777 የሚል ከሰማችሁ ሳይታረም አትተኙ።