ውሃ አይደለም፣ አየር አይደለም፣ ታዲያ ምንድን ነው?

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ፣ ኢንተርኔት ውሃ ወይም አየር እንዳልሆነና ለአገር ደኅንነት ካስፈለገ ወደፊትም ሊዘጋ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ያኔ ብዙዎቻችን ትንሽ ተቆጣን፣ ትንሽ ሳቅን፣ ከዚያ ረሳነው። (ውሃማ አዲስ አበባ ውስጥ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ግን ቢያንስ ቀኑ ይታወቃል።)

ዛሬ የምናነሳው ነገሩ አልፎ ስላላለፈ ነው። የአገራችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ ለምን እንደ ጎረቤቶቻችን አላደገም ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሠለጠነ ሰው እጥረት። ከዚያ ሥልጠና ይታወጃል። ሐምሌ 2016 ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት ዘመቻ ተጀመረ። ጥሩ፣ እንሠልጥን። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ አንዷ ጨርሳ ሰርተፍኬቷን ፌስቡክ ላይ ለጥፋለች። እኛ የምንለው ግን እጥረቱ የሰው አይደለም ነው። የጠፋው ነገ ጠዋት መስመሩ እንደሚኖር የሚሰጥ ዋስትና ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ። አንድ ቀን ወይም አንድ ወር አይምሰላችሁ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ያኔ እኛ ገና ፊደል እየቆጠርን ነበርና አናስታውሰውም፤ ታላላቆቻችን ናቸው የሚነግሩን። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2007 ናይሮቢ ውስጥ ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ሥራ አስጀመረ። ገንዘብ ተልኮ፣ «ደርሶሃል» የሚለው ማረጋገጫ በዚያው በአጭር መልእክት እየመጣ፣ የኬንያ ገበሬና ባለሱቅ በስልኩ መገበያየት ለመደ። እኛ አገር ያ መልእክት ራሱ ሥራ ላይ አልነበረም። ቴሌብር የመጣው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አሥራ አራት ዓመት አለ። ኤም ብርና ሄሎ ካሽ ቀደም ብለው መሞከራቸውን አንክድም፤ መዘግየቱንም ሁሉ በመልእክቱ መዘጋት አናሳብብም፤ የባንክ ሕጉም የቴሌ ብቸኝነትም ድርሻ አላቸው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በሚዘጋ መሣሪያ ላይ ማን ነው ንግድ የሚመሠርተው?

አሁን ሁሉ ተለውጧል ትሉን ይሆናል። ቁጥሮቹን እናውቃቸዋለን። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገብቷል፤ የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ደስ ይላል፣ እኛም ታክሲ የምንከፍለው በእሱ ነው። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ የተጠቃሚ ቁጥሮች ናቸው። ስንት ሰው ገዛ፣ ስንት ሰው ተመዘገበ እንጂ ስንት ሰው ሠርቶ ለውጭ ሸጠ የሚል ቁጥር ሲነገር አንሰማም።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ሐጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። እኛ በኮሮና ምክንያት ከግቢ ወጥተን ቤተሰብ ጋ ነበርን። ንባባችሁን በቴሌግራም እንልካለን ተብለን ነበር። ስትራቴጂው ጸደቀ፣ ቴሌግራሙ ጠፋ፣ እኛ የታላቅ ወንድማችንን የድሮ መጽሔቶች ስናነብ ከረምን። ለእኛ ቀልድ ነው፤ በዚያን ጊዜ የውጭ ሥራ ይዞ ለነበረ ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

አንድ ወዳጃችን ባሕር ዳር ይኖራል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ አውሮፓ ላለ አንድ አነስተኛ ኩባንያ የሞባይል መተግበሪያ ይሠራ ነበር። (ክፍያው የሚመጣለት አሜሪካ ባለች አክስቱ ስም ነው፤ ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ይህ ራሱን የቻለ ለቅሶ ስለሆነ ለሌላ ቀን እናቆየው።) በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ሁለት ሲም ነበረው፣ የቴሌና የሳፋሪኮም፤ ሁለቱም አብረው ዝም አሉ። ውድድር መጣ የተባልነው አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲሠራልን መስሎን ነበር። መጀመሪያ የገመድ መስመር ያለው ሆቴል ፈልጎ፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እየተቀመጠ ሊሠራ ሞከረ። አስተናጋጆቹ ለመዱት፣ ከዚያ ሰለቹት። ተኩስ ባለበት ቀን ደግሞ ከቤት አይወጣም። ደንበኛው አምስት ኢሜይል ልኮለት አምስተኛው ላይ ሥራውን ለሌላ መስጠቱን ነገረው። ዳታው ተመልሶ መከፈት የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

«ሰው እየሞተ እናንተ ስለ ኮድ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በሰው ሞት እንመልስ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ባንኩም ተዘጋ፤ ጦርነቱ ግን ሁለት ዓመት ቆየ። መዘጋቱ ተኩስ ሲያስቆም አላየንም። ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ አዲስ አበባ ተቀምጣ የከረመችን እናት ግን አይተናል። በፈተናውም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተና ሾልኮ ወጣ፣ ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ወረቀቱን ያወጣው ሰው እኮ እጅ ነው ያለው፣ ዋይፋይ አይደለም። በ2011 ደግሞ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ እንዳለ ጠፋ።

ኬንያም ሰላም ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ከተካሄደው ምርጫ በኋላ አገሪቱ ስትታመስ መንግሥት የቀጥታ ሥርጭትን ከልክሎ ነበር። ኢንተርኔቱና ስልኩ ግን ይሠሩ ነበር። ኦሪ ኦኮሎህ የተባለች የሕግ ባለሙያ ብሎጓ ላይ፣ የት ምን ጥቃት እንደደረሰ ሰው እየላከ በካርታ የሚታይበት ነገር የሚሠራ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ጥቂት ወጣቶች በቀናት ውስጥ ሠሩት፤ ስሙን ኡሻሂዲ አሉት፣ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሄይቲው የመሬት መንቀጥቀጥም አገልግሏል። በእነዚያ ቀናት የናይሮቢ መስመር ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ኡሻሂዲ ብሎግ ላይ የቀረ ሐሳብ ነበር። እኛም አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚሠሩ ልጆች አሉ። ችግራቸው በሚያስፈልጉበት ሳምንት መስመር የሌላቸው መሆኑ ነው።

እኛ ኮድ አንጽፍም፤ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ስለዚህ የምንጠይቀውም ጋዜጠኛ የሚጠይቀውን ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን። ኢንተርኔት ሲዘጋ ያዘዘው አካል በስሙ ይታወቅ። ፍርድ ቤት ይየው። ለስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍ። የተዘጋበት ሰው የከሰረውን ይዞ የሚሄድበት ቢሮ ይኑረው። አንድ ባለሱቅ ሱቁን የሚያሽግ ደንብ አስከባሪ እንኳ ማሸጊያ ላይ ማህተምና ቀን ይለጥፋል። ለአንድ ክልል ሙሉ ሲሆን ለምን አንድ ወረቀት ይጠፋል? የመገናኛ ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል፤ ኩባንያዎቹን ብቻ ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያውንም ይቆጣጠር።

የባሕር ዳሩ ወዳጃችን አሁንም ይሠራል። ከአዲስ ደንበኛ ጋር ሲዋዋል ግን አንድ አንቀጽ ይጨምራል፤ «ያለማስጠንቀቂያ ከጠፋሁ በሕይወት እንዳለሁ ቁጠሩ፣ መስመሩ ሲመለስ እጽፋለሁ» የሚል። የመጨረሻው ደንበኛ ውሉን አንብቦ፣ አዝኖለት፣ ሳይፈርም ቀረ።